ኮሌጅ የሚወሰነው በ9ኛ ክፍል የምዝገባ ወረቀት ላይ ነው

እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ላቲኖ (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) ተማሪዎችና እንግሊዝኛን እየተማሩ ሌላውንም ትምህርት አብረው ስለሚከታተሉ ልጆች ነው። ከመካከላችሁ "የላቲኖ ልጆች ጉዳይ እኛን ምን አገባን?" የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ግን እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ወዳለ አንድ የኢሶል ክፍል (ቋንቋቸው ሌላ ለሆነ ልጆች እንግሊዝኛ ወደሚሰጥበት) ጎራ ማለት ይበቃል። ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ልጅና ከጎንደር የመጣችው ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሚፈተኑት ፈተና አንድ ነው፣ የሚተዳደሩበት ሕግ አንድ ነው፣ የሚያደናቅፋቸውም ነገር በአብዛኛው አንድ ነው። በመላው አገሪቱ "እንግሊዝኛ ተማሪ" ተብለው የተመዘገቡት ልጆች ከ5 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው። ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቤታቸው ስፓኒሽ የሚነገርባቸው ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ እዚሁ አሜሪካ የተወለዱ ናቸው፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥርም።

ዋናውን ነገር ከመነሻው እንናገረው። እነዚህን ልጆች ከኮሌጅ የሚያስቀራቸው ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ማነስ ሳይሆን፣ እንግሊዝኛቸው እስኪስተካከል ሲጠበቅ ያመለጣቸው ትምህርት ነው። አልጀብራውን በጊዜው አልወሰዱትም፣ ኬሚስትሪው ላይ አልተመዘገቡም፣ ስንት ክሬዲት እንደጎደላቸው የነገራቸው የለም። 12ኛ ክፍል ሲደርሱ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ግን ለኮሌጅ አይበቃም።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እየጠቀስን ጥቂት ወደ ኋላ እንሂድ። በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች ለብቻቸው ትምህርት ቤት ይላኩ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ የሚሰጡት ምክንያት "እንግሊዝኛ አያውቁም" የሚል ነው። የሜንዴዝ ቤተሰብና ሌሎች አራት አባቶች ከሰሱ። በ1946 ዳኛው የፈረደው የሰበቡን ተቃራኒ ነበር፦ ልጆቹን እንግሊዝኛ እንዳይማሩ የሚያዘገያቸው ተለይተው መቀመጣቸው ራሱ ነው አለ። በ1947 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። በማርች 1968 ደግሞ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በሺህ የሚቆጠሩ የሃይስኩል ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ሰልፍ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ዛሬም እንዳለ አለ፦ ወደ እጅ ሙያ ብቻ አትምሩን፣ ለኮሌጅ የሚያበቃውን ትምህርት ስጡን።

ወላጅ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሦስት ፍርዶች አሉ። በ1974 ላው በሚባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ሲል ወሰነ፦ እንግሊዝኛ ለማይችል ልጅ ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ አስተማሪና ያንኑ ክፍል መስጠት እኩልነት አይባልም፤ ትምህርት ቤቱ ልጁ እንዲገባው የሚያደርግ ነገር መጨመር አለበት። ከሳሾቹ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ነበሩ። በ1981 ከቴክሳስ የመጣው የካስታኜዳ ጉዳይ መለኪያውን አስቀመጠ፦ ፕሮግራሙ በትክክለኛ የትምህርት ሐሳብ ላይ ይቁም፣ በቂ መምህርና መሣሪያ ይመደብለት፣ ከጊዜ በኋላም ውጤት ያሳይ። ውጤት ካላሳየ ይለወጥ። ሦስተኛው የ1982ቱ የፕላይለር ፍርድ ነው። ቴክሳስ ወረቀት የሌላቸውን ልጆች ከነፃ ትምህርት ልታስወጣ ስትሞክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከለከለ። እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ልጅን ለማስመዝገብ የመኖሪያ ፈቃድ የማያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ እንግባ።

ልጅ ሲመዘገብ ወላጅ የሚሞላው የቤት ውስጥ ቋንቋ መጠይቅ አለ። ልጁ መጀመሪያ የተናገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ቤት ውስጥ ምን ትነጋገራላችሁ? ልጁ ራሱ አዘውትሮ የሚናገረው ምንድን ነው? አንዳንድ ወላጅ ልጁ ኢሶል ውስጥ እንዳይገባ ፈርቶ ሁሉንም "እንግሊዝኛ" ብሎ ይሞላል። ይህ ልጁን ይጎዳዋል። ልጁ የቋንቋ ድጋፉን ያጣል፤ ፈተና ላይ የሚፈቀደውን ተጨማሪ ሰዓትና የቃል በቃል መዝገበ ቃላትም ያጣል። የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው ኤስኤቲ እንኳ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች በትምህርት ቤት በኩል ሲጠየቅ የመደበኛውን ሰዓት አንድ ጊዜ ተኩል ይፈቅዳል። ስለዚህ እውነቱን ሙሉ።

ከመጠይቁ በኋላ የምደባ ፈተና ይሰጣል። ልጁ ፕሮግራሙ ውስጥ ከገባ ትምህርት ቤቱ የትምህርት ዓመቱ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ፣ በዓመቱ መካከል የመጣ ከሆነ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለወላጅ ማሳወቅ አለበት። ደብዳቤው ወላጅ በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። ለስብሰባም አስተርጓሚ የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ውጤት ለእናቱ ሲያስተረጉም የሚፈጠረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አስተርጓሚ ይምጣልን በሉ፣ ካልመጣም ቀጠሮው ይዛወር በሉ።

ከዚያ በየዓመቱ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና አለ። ሜሪላንድን፣ ቨርጂንያን፣ ዲሲን፣ ሚኒሶታንና ሌሎች ብዙ ስቴቶችን የሚያገለግለው የዊዳ አክሰስ ፈተና ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ኒው ዮርክ የራሳቸው አላቸው። አክሰስ አራት ክፍል አለው፦ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። ውጤቱ ከ1 እስከ 6 ባለው መለኪያ ይሰጣል፤ ከፕሮግራሙ የሚያስወጣውን ነጥብ እያንዳንዱ ስቴት ይወስናል። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልብ በሉ። በጠቅላላ ውጤቱ ውስጥ ማንበብ 35 በመቶ፣ መጻፍ 35 በመቶ፣ መናገር 15፣ መስማት 15 በመቶ ይይዛሉ። ስለዚህ አፉ የተፈታ፣ ከጓደኞቹ ጋር ያለ ችግር የሚጫወት ልጅ በዚህ ብቻ ከፕሮግራሙ አይወጣም። ውጤቱ ቤት ሲደርስ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አትዩ፤ አራቱን ለየብቻ እዩ። መጻፉ 3 ላይ ለሁለት ዓመት ከቆመ፣ የሚጠየቀው ጥያቄ "ልጄ በሳምንት ስንት ጊዜ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይጽፋል? ማን ያርምለታል?" የሚል ነው።

በነገራችን ላይ ከፕሮግራሙ መውጣት በእንግሊዝኛ "ኤግዚት" ይባላል። ለስፓኒሽ ተናጋሪ እናት ጆሮ ይህ ቃል "ኤክሲቶ" ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ ኤክሲቶ ደግሞ በእነሱ ቋንቋ "ስኬት" ማለት ነው። ቃላቱ ቢቀራረቡም ነገሩ አይገናኝም። የወጣ ልጅ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ክትትል ይደረግለታል፤ ውጤቱ ካሽቆለቆለም ድጋፉ እንዲመለስለት ሊጠየቅ ይችላል። ወላጅ ልጄን ከፕሮግራሙ አውጡልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም ልጁ ፈተናውን እስኪያልፍ ድረስ መዝገቡ ላይ "እንግሊዝኛ ተማሪ" እንደሆነ ይቆያል፣ በየዓመቱም ይፈተናል።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ብዙ ልጅ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ካናዳ የሚሠራው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ከ1979 ጀምሮ ሁለት ዓይነት ቋንቋ ለይቶ አሳየ። የጨዋታ ሜዳው እንግሊዝኛ በአንድና ሁለት ዓመት ይያዛል። የመማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ሁለተኛው ገና በግማሽ መንገድ ላይ ሳለ የመጀመሪያው ስለሚያምር፣ አስተማሪውም ወላጁም "ይህ ልጅ እንግሊዝኛ ጨርሷል፤ ውጤቱ የሚያንሰው ስለሚሰንፍ ነው" ይላሉ። 6 ዓመትና ከዚያ በላይ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚቆዩ ልጆች በካሊፎርኒያ ሕግ የተለየ ስም እስከ ማግኘት ደርሰዋል፤ "የረጅም ጊዜ እንግሊዝኛ ተማሪዎች" ይባላሉ። አብዛኞቹ ላቲኖ ናቸው። ቋንቋ አልጎደላቸውም፤ በሁለቱም ቋንቋ ይናገራሉ። የጎደላቸው ጠበቅ ያለ ንባብና ጽሑፍ ነው።

የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ምን እንደሚመስል በአንድ የሒሳብ ዓረፍተ ነገር እናሳያችሁ። ወረቀቱ ላይ "ፋይቭ ሌስ ዛን ኤ ነምበር" (ከአንድ ቁጥር በ5 የሚያንስ) ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ እንዳነበበው "5 ሲቀነስ ኤክስ" ብሎ ይጽፋል። ተሳስቷል፤ መልሱ "ኤክስ ሲቀነስ 5" ነው። ስፓኒሽም "ሲንኮ ሜኖስ ኬ ኡን ኑሜሮ" ብሎ ቃላቱን በዚያው ቅደም ተከተል ስለሚያስቀምጥ ላቲኖውን ልጅ አያድነውም። አማርኛ ግን "ከአንድ ቁጥር ላይ 5 ሲቀነስ" ይላል፤ ቁጥሩ ቀድሞ ይመጣል። ልጃችሁ ጥያቄውን በአማርኛ ቢያስበው ትክክለኛውን ያገኛል ማለት ነው። አስጠኚዎች፣ እዚህ ላይ "መቀነስ አታውቅም" አትበሉት፤ መቀነስ ያውቃል። በኤክስ ቦታ 12 አስገባና ከእሱ በ5 የሚያንሰው ስንት ነው በሉት። 7 ይላል። እንዴት አገኘኸው ሲባል "ከ12 ላይ 5 ቀንሼ" ይላል። አሁን በቁጥር የሠራውን በፊደል ይጻፈው። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ ይህን የሚሠራለት ካጣ ግን ልጁ ዓመቱን ሙሉ "ሒሳብ ደካማ" ተብሎ ይቀራል።

ሳይንስ ላይ ደግሞ ስፓኒሽ ትልቅ ሀብት ነው። ከላቲንና ከግሪክ የመጡት ቃላት በሁለቱ ቋንቋዎች እጅግ ተመሳሳይ ናቸው። "ፎቶሲንቴሲስ" ለላቲኖው ልጅ የቤቱ ቃል ነው፤ የእኛ ልጅ ግን "ብርሃን አስተፃምሮ" ብሎ ተምሮት ከነበረ ቃሉን እንደ አዲስ መያዝ አለበት። ጥሩ መምህር ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹን ተዛማጅ ቃላት ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ ያደርጋል። ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፦ በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ረጅሙ ማካፈል የሚጻፈው አካፋዩ በስተቀኝ ሆኖ ነው፤ መቀነሱም በጭንቅላት ይሠራል። መልሱ ትክክል ሆኖ "ሥራህን አላሳየህም" ተብሎ ነጥቡ የተቀነሰበት ልጅ ምን እንዳጠፋ አይገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን፦ የክፍል ምዝገባ።

የአሜሪካ ሃይስኩል ሒሳብ መሰላል ነው። አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ፤ በዓመት አንድ እርከን። አልጀብራ 1ን 8ኛ ክፍል የወሰደ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። 9ኛ ክፍል የጀመረው ፕሪካልኩለስ ላይ ይቆማል፤ ለብዙ ዩኒቨርሲቲ ይህም በቂ ነው። እንግሊዝኛው እስኪሻሻል ተብሎ 9ኛ ክፍል ላይ ከአልጀብራ በታች የተመደበው ግን አልጀብራ 2ን የሚያገኘው 12ኛ ክፍል ነው፤ አንድ ዓመት ከወደቀ ደግሞ ጨርሶ አይደርስበትም። በአገሩ 8ኛ ክፍል ላይ ከአንድ በላይ የማይታወቅ ያለበትን እኩልታ ይፈታ የነበረ ልጅ እዚህ የክፍልፋይ ድምር ሲሠራ ይገኛል። ስለዚህ በምዝገባው ቀን ልጄ ሒሳብን በራሱ ቋንቋ ወይም በቁጥር ብቻ ይፈተንልኝ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። የትምህርት ቀኑ በ6 ወይም በ7 ክፍለ ጊዜ የተወሰነ ነው። ኢሶል ሁለት ክፍለ ጊዜ ሲወስድ፣ የንባብ ድጋፍ አንድ ሲጨመርበት፣ የሚገፋው ሳይንስ ወይም የውጭ ቋንቋ ይሆናል። የኢሶል ክሬዲትም ብዙ ጊዜ እንደ ኤሌክቲቭ (የምርጫ ትምህርት) ብቻ ይቆጠራል።

ይህን ለማየት የካሊፎርኒያን ደንብ እንውሰድ፤ በጣም ግልጽ ሆኖ የተጻፈ ስለሆነ ነው። የስቴቱ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ሥርዓቶች "ኤ እስከ ጂ" የሚባሉ 15 የዓመት ኮርሶች ይጠይቃሉ፦ ታሪክ 2፣ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 2፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ 2፣ ሥነ ጥበብ 1፣ ኤሌክቲቭ 1። ሁሉም በሲ ወይም ከዚያ በላይ። ከሁለቱ ሥርዓቶች አንዱ የሆኑት የዩሲ (ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ) ዩኒቨርሲቲዎች 11ዱ ከ12ኛ ክፍል በፊት እንዲጠናቀቁ ይፈልጋሉ፤ ለስቴቱ ነዋሪ ዝቅተኛው ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) 3.0 ነው። ሦስት ወጥመዶች አሉበት። አንደኛ፣ ዲ ያገኘ ልጅ ሃይስኩሉ አሳልፎታል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ያንን ኮርስ እንዳልተወሰደ ይቆጥረዋል። ሁለተኛ፣ ከ4ቱ የእንግሊዝኛ ዓመታት ውስጥ ሊቆጠር የሚችለው የኢሶል ዓይነት ኮርስ የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ሦስተኛው መልካም ዜና ሆኖ ሳለ ስለማይነገር ወጥመድ ይሆናል፦ ከ6ኛ ክፍል ወዲህ በሌላ ቋንቋ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምሮ ያለፈ ልጅ የቋንቋውን መስፈርት አሟልቷል። በአማርኛ የተማረም በስፓኒሽ የተማረም ይገባበታል። ይህን ያላወቀ ልጅ ሁለት ዓመት ፈረንሳይኛ ሲማር፣ ያንን ሰዓት ለኬሚስትሪ ሊያውለው ይችል ነበር።

እዚህ አካባቢ ላላችሁት፣ ቨርጂንያ ውስጥ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ዲፕሎማ አለ። መደበኛው 22 ክሬዲት ሲሆን ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 3 ይጠይቃል። አድቫንስድ የሚባለው 26 ክሬዲት ነው፤ ሒሳብ 4፣ ሳይንስ 4 እና የውጭ ቋንቋ ይጨምራል። በ9ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ልጃችሁ በየትኛው መንገድ ላይ እንደተመዘገበ ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን አማካሪ) በስሙ ጠይቁት። "በደንብ እየሄደ ነው" የሚል መልስ አትቀበሉ። "የአራት ዓመት እቅዱን አሳየኝ" በሉት።

ትምህርት ቤት ራሱ መሰላሉን ሲሠራ ምን እንደሚመጣ ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ያለው የጋርፊልድ ሃይስኩል ያሳያል፤ በ1968 ተማሪዎቹ ከወጡባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ቦሊቪያ የተወለደው መምህር ሃይሜ ኤስካላንቴ በ1974 እዚያ ሥራ ጀመረ። የካልኩለስ ክፍሉን ሲከፍት በመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻ የዘለቁት 5 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። በ1982 ደግሞ 18 ተማሪዎች የኤፒ ካልኩለስን ፈተና አለፉ፤ ኤፒ ሃይስኩል ሆኖ የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ነው። ፈታኙ ድርጅት ጠረጠረ፤ 12ቱ እንደገና ተፈተኑ፣ ሁሉም አለፉ። ሰው የሚያስታውሰው ይህንን ጥርጣሬ ነው። እኛ የምናስታውሳችሁ ከዚያ በፊት ያሉትን ዓመታት ነው፤ ከታች ያሉት የአልጀብራ ክፍሎች ተጠናከሩ፣ ባልደረባ መምህራን ተሰለፉ፣ የሰመር ትምህርት ተከፈተ። በአንድ ዓመት ተአምር የተሠራ ነገር የለም።

ስለ ትልልቅ ልጆች እንነጋገር። በ16 ዓመቱ ከሆንዱራስ ወይም ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ያጥረዋል። በብዙ ስቴቶች እስከ 21 ዓመቱ ድረስ መማር ይችላል፤ ስለዚህ "ትልቅ ስለሆንክ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ሂድ" ቢባል ወዲያው እሺ አይባልም። በአገሩ የተማረው ክሬዲት ሆኖ ከተቆጠረለት 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ይገባል፤ ካልተቆጠረለት 9ኛ ክፍል ከ14 ዓመት ልጆች ጋር ይቀመጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሥራ ይሄዳል። ስለዚህ ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕት ከአገር ሲወጣ ይያዝ፣ ይተርጎም፤ ከ9ኛ ክፍል በታች ያለውም ጭምር። እኛ ላይ አንድ የተለየ ችግር አለ፤ የቀን አቆጣጠሩ። ወረቀቱ ላይ "2015 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል" የሚለውን ካውንስለሩ በፈረንጆቹ 2015 አድርጎ ቢያነበው፣ ልጁ በሕፃንነቱ ሃይስኩል የገባ ይመስላል፤ ወረቀቱ አጠራጣሪ ሆኖ ይቀመጣል። ትርጉሙ ላይ 2022/23 ተብሎ ይጻፍ።

ስምም እንዲሁ ነው። ላቲኖ ልጅ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ ጋርሲያ ሎፔስ ቢባል ጋርሲያ ከአባቱ፣ ሎፔስ ከእናቱ ነው። ኮምፒውተሩ ሎፔስን ብቻ ይዞ ጋርሲያን መካከለኛ ስም ያደርገዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ "ላስት ኔም" ይዘው ይመጣሉ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱና የኮሌጅ ማመልከቻው ላይ ያለው ስም አንድ ካልሆነ፣ የገንዘብ እርዳታው በዚህ ምክንያት ሊቆም ይችላል። በ11ኛ ክፍል ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

የቤት ቋንቋን በተመለከተ ባጭሩ፦ አትጣሉት። ላቲኖ ተማሪዎች በስፓኒሽ የኤፒ ፈተና ወስደው ኮሌጅ ሳይገቡ ክሬዲት ያገኛሉ። በአማርኛ የኤፒ ፈተና የለም፤ ነገር ግን ካሊፎርኒያ የጀመረችውና ወደ ሌሎች ስቴቶች የተስፋፋው የሁለት ቋንቋ ማኅተም ዲፕሎማ ላይ ይታተማል፣ አማርኛም የሚፈተንበት መንገድ አለ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ነው የሚያልፈው፤ መስማት ብቻ አይበቃም።

ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚሠሩ ፕሮግራሞችን በስማቸው ጠይቁ። አቪድ በ1980 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሜሪ ካትሪን ስዋንሰን የተባለች መምህርት በ32 ተማሪዎች የጀመረችው ነው። መካከለኛ ውጤት ያላቸውን ልጆች ከባድ ኮርስ ላይ ያስመዘግባል፤ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ማስታወሻ አያያዝ ያስተምራቸዋል፣ በቡድን ያስጠናቸዋል። ከባዱን ኮርስ ትቶ ድጋፉን ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ስሙን ይዞ ሥራውን ጥሏል። ፑዌንቴ በ1981 ካሊፎርኒያ ሄይዋርድ ውስጥ ባለው የቻቦ ኮሌጅ ለላቲኖ ተማሪዎች ተጀመረ፤ የጽሑፍ ትምህርትን፣ ካውንስለርንና ከማኅበረሰቡ የመጣ አማካሪን አንድ ላይ ያቀርባል፤ ዛሬ ለሁሉም ክፍት ነው። አፕዋርድ ባውንድ ከ1964ቱ ሕግ የተነሣና በፌደራል ገንዘብ የሚሠራ ሲሆን፣ ከተማሪዎቹ ሁለት ሦስተኛው ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና ወላጆቻቸው የባችለር ዲግሪ የሌላቸው መሆን አለባቸው።

ገንዘብ። ፋፍሳ የሚባለው የፌደራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ በየዓመቱ በኦክቶበር መጀመሪያ ገደማ ይከፈታል፤ የሚጠይቀውም ከሁለት ዓመት በፊት ያለውን ታክስ ነው። ልጁም ወላጁም የየራሳቸው አካውንት ያስፈልጋቸዋል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም መክፈት ይችላል፣ ግን ማንነቱ እስኪረጋገጥ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድሞ ይጀመር። በ2025–26 የትምህርት ዓመት ፔል የሚባለው የፌደራል እርዳታ ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፤ አይመለስም። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ተብሎ የገባና ጥገኝነት ያገኘ ልጅ ይገባዋል። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ወይም ዳካ (በልጅነታቸው ለመጡ ወረቀት አልባዎች የሚሰጠው ከመባረር መጠበቂያ) ያለው የፌደራሉን አያገኝም። ለእነዚህ ልጆች ወሳኙ ስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ በ2001 ሕግ አውጥታ፣ ሦስት ዓመት ሃይስኩል ተምሮ የጨረሰ ልጅ እንደ ነዋሪ እንዲከፍል ፈቀደች፣ የራሷ የእርዳታ ማመልከቻም አላት። የሜሪላንድ ሕዝብ በ2012 በድምፅ ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀ። ቴክሳስ በ2001 ከመጀመሪያዎቹ መካከል ሆና የፈቀደችው ግን በጁን 2025 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ቤተሰብ ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው ካለ፣ ማመልከቻው ከመሞላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ተገቢ ነው።

የመጨረሻው፣ ሰመሩ። ልጁ ተቀባይነት አግኝቶ፣ በጁን ተመርቆ፣ በኦገስት ኮሌጅ ሳይገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ኮሌጁ የሚልከው ሁሉ የሚመጣው ልጁ ባልለመደው የኮሌጅ ኢሜይል ላይ ነው፤ የሃይስኩሉ ካውንስለር ደግሞ እረፍት ላይ ነው። የክትባት ወረቀት አልገባም፣ የመጨረሻው ትራንስክሪፕት አልተላከም፣ የፋፍሳ ማጣሪያ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል፣ የጤና ኢንሹራንስ ክፍያ በራሱ ተጨምሯል፤ ኢንሹራንስ ያለው ልጅ ቅጽ ሞልቶ ያንን ክፍያ ሊያስነሳው ይችል ነበር። ከሜይ ጀምሮ አንድ ሰው፣ ታላቅ እህትም ትሁን አስጠኚ፣ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያንን ኢሜይል ያስከፍተው።

ትራንስክሪፕት ወይም የአክሰስ ውጤት ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ኑ፣ አብረን እናየዋለን። ከ8ኛ ክፍል ወላጆች እንጀምር፤ የእነሱ የኮርስ መምረጫ ቀን ከሁሉም ይቀርባል።